«ታጥበሽ ነይ» ያልናት ልጅ

ጥፍር መቀባት ለመምህርነት ሠልጣኝ ምን ቁም ነገር አለው የሚሉን አይጠፉም። እኛም እንደዚያው ስንል ከርመናል። ሆኖም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመኝታ ክፍላችን ያየነው ነገር አንድ ጥፋታችንን ስላስታወሰን ይህን ለግድግዳ ጋዜጣችን አቅርበናል።

ከእኛ አንዷ ወደ ሥልጠናው ከመግባቷ በፊት በውበት ሳሎን ሠርታለች። ያን ዕለት ከሻንጣዋ እስክርቢቶ የሚያህል ኤርብረሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር አወጣች። መስኮቱን ከፍታ፣ ብናኙን እንዳትስብ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች። መጀመሪያ የአንዳችንን ጥፍር ነጭ ቀብታ አደረቀች። ቀጥላ በቅጠል ቅርጽ የተቀደደ ስስ ፕላስቲክ ለጠፈችበት። የመሣሪያውን ምላስ ወደ ታች ስትጫነው አየር ብቻ ይወጣል፤ ወደ ኋላ ሳብ ስታደርገው ደግሞ መርፌው ከአፈሙዙ ፈቀቅ ይልና ቀለሙ ይከተላል። የሚሮጠው አየር ቀለሙን ስቦ እንደ ጉም ይበትነዋል። መሣሪያው ጥፍሩን አይነካም።

«ምነው ትንሽ ትንሽ ብቻ? አንዴ አጥግቢው እንጂ!» አልናት።

«ኧረ ይፈሳል! ስስ አድርጎ መርጨት፣ ማድረቅ፣ እንደገና መርጨት ነው» አለችን።

ፕላስቲኩ ሲነሣ አረንጓዴው ቅጠል ከሥሩ ደምቆ፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ ቁጭ አለ። በላዩ መከላከያ የሚሆን ጥርት ያለ ቀለም ደረበችበት። ቆዳ ላይ የተረጨውን ትርፍ በሳሙናና በውሃ አጠበችው።

«ሰኞ ለማስተማር ልምምድ እንዲህ ሆኜ ልሄድ ነው?» አለች ባለ ጥፍሯ።

«አሴቶን የነካው ጥጥ ያስለቅቀዋል። ከላይ የተቀመጠ ቀለም ነው፤ እንሶስላ አይደል!»

ይህን ስንሰማ ሁላችንም ዝም አልን። ያቺ የ3ኛ ክፍል ልጅ ትዝ አለችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፋሲካ በኋላ በተመደብንበት ትምህርት ቤት ንጽሕና ስንቆጣጠር፣ አንዲት ልጅ ጣቶቿ ከነጥፍራቸው ጠቁረው አገኘናት። «ምንድን ነው ይሄ? ታጥበሽ ነይ!» ብለን ከሰልፍ አወጣናት። በማግስቱ መጣች። ለካ ጥፍሯን በድንጋይ ስትፈቀፍቅ አምሽታለች፤ ሁለቱ ደምተዋል። ቀለሙ ግን እንዳለ ነበር። ደነገጥን እንጂ ይቅርታ አላልናትም።

ከእኛ መካከል እናቷ ለሠርግም ሆነ ለዓውደ ዓመት እንሶስላ ስትሞቅ ያላየች የለችም። ሥሩ ተልጦ ተወቅጦ እጅ ላይ እንደሚታሰር፣ ቀለሙም ወደ ውስጥ እንደሚሰርግ እናውቃለን። ከጥፍር የሚጠፋው ጥፍሩ ሲያድግ ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ጨርሶ እስኪለወጥ 6 ወር ገደማ ይፈጃል። የ6 ወሩን ነገር በአንድ ሌሊት አስለቅቂ አልናት ማለት ነው! የምናውቀውን ያስረሳን «አስተማሪ ሆነናል» የሚለው ኩራት ነው።

ሰኞ በጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ጠየቅናት። መሬት መሬት እያየች «እሺ» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም። በሥዕል ክፍለ ጊዜ የኤርብረሹን ዘዴ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በቀጠነ ቀለም ሞከርነው። እያንዳንዱ ልጅ እጁን ወረቀት ላይ ዘርግቶ፣ ጓደኛው በዙሪያው ቀለም ይረጭለታል። እሷ መጀመሪያ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። ተራዋ ሲደርስ ግን አወጣችው። ወረቀቶቹ ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ የሁሉም እጅ ነጭ ሆኖ ስለወጣ የማን የማን እንደሆነ መለየት አቃተን። እሷ ግን የራሷን ሮጣ አሳየችን።

ለልምምድ የምትወጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ የልጅ እጅ አይታችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። መምህራኖቻችንም ስለ ንጽሕና ቁጥጥር ስታስተምሩን ቆሻሻንና እንሶስላን እንድንለይ ብታስታውሱን እንወዳለን። እኛ የተማርነው በልጅ ደም ነው።