የተበላሸ ሥዕል ለምን ይጠበቃል?

ሰው ለልጅ ልጅ የሚያስቀምጠው ያማረውን ሥዕል ነው፤ የደበዘዘውን ይጥላል፣ የተቀደደውን ያቃጥላል። ቪለም ፋን ስካይክ የተባለ ባለሙያ ግን ሆን ብሎ የተበላሹ ሥዕሎች አዘጋጅቶ ለፈለገ ሁሉ በነጻ አደለ። እነዚህም በኮምፒውተር የሚነበቡ፣ ፒ.ኤን.ጂ. የሚባለው ዐይነት ፋይሎች ናቸው። ጤነኞቹም በሽተኞቹም አንድ ላይ «ፒ.ኤን.ጂ. ስዊት» ይባላሉ፤ የበሽተኞቹ ስም ኤክስ በሚባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል።

ሰባታሚት ለሚኖሩ ተማሪዎቼ ይህን ባጫወትኋቸው ጊዜ አንዷ «ጋሼ፣ ታዲያ የተበላሸ ነገር ምን ይሠራል?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሥዕል በስልክ ውስጥ የሚቀመጠው የቍጥር ሰልፍ ሆኖ ነው። የፒ.ኤን.ጂ. ፋይል ሁሉ 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10 በሚሉ ስምንት ቍጥሮች ይጀምራል። 13ና 10 በዘፈቀደ አልገቡም፤ በጽሑፍ ዘንድ የመሥመር ማብቂያ ምልክቶች ናቸውና፣ ፋይሉ በጕዞ ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ተቈጥሮ ከተነካካ ወዲያው ያጋልጣሉ። ከዚያ የሚከተለውም እያንዳንዱ ክፍል ከይዘቱ የተሰላ መቈጣጠሪያ ቍጥር በመጨረሻው ላይ አለው። ከበሽተኞቹ ፋይሎች አንዱ የመጀመሪያው ቍጥር ተዛብቶበታል፤ አንዱ የመሥመር ማብቂያ ተጨምሮበታል፤ የሌላው መቈጣጠሪያ ሐሰት ነው፤ አንዱማ ራስና እግር ብቻ ሆኖ ሥዕሉን የያዘው ክፍል ጭራሽ የለውም።

የቍጥሩን ሰልፍ ወደ ሥዕል የሚፈታው ላይብረሪ የሚባለው፣ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚዋሱት የሥራ ክፍል ነው። ጥሩ ላይብረሪ በሽተኛ ፋይል ሲቀርብለት «ይህ ተበላሽቷል» ብሎ ያቆማል። መጥፎው የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ይቀጥላል፤ (እንዲህ ያለ የፈተና ወረቀት ስንቱን አርሜአለሁ!) ከተሰጠው የሜሞሪ ቦታም አልፎ ይጽፋል፤ ለሌባም በር የሚከፈተው በዚያ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች አንዲት መሥመር እንኳ ቢለውጡ መኪናው ራሱ ፋይሎቹን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይፈትናል። አንድ ጊዜ ላይብረሪውን የጣለ ፋይል፣ ስሕተቱ ከተጠገነም በኋላ፣ ከስብስቡ አይወጣም፤ የተጠገነው ስሕተት በሌላ ሰው እጅ ተመልሶ እንዳይመጣ ዘብ ሆኖ ይቆማል። ከዚህም በላይ ፋይሎችን ራሳቸው እያበላሹ ሌት ተቀን የሚፈትኑ መኪናዎች አሉ፤ ጐግል እ.ኤ.አ. በ2016 ለነጻ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለ አገልግሎት ጀምሯል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ሊብዌብፒ በተባለው ላይብረሪ ውስጥ አንድ ስሕተት አምልጦ ነበር። የሚገለጠው የመፍቻ ሠንጠረዦቹ በተለየ ሥርዓት ሲዛቡ ብቻ ስለ ነበረ በዕድል የሚያበላሽ መኪና አልደረሰበትም፤ ሰዎች ግን ደርሰውበታል፤ ያውም ለማጥቃት። የአፕል ባለሙያዎችና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ ነገሩን ለጐግል ያመለከቱት ጳጉሜን 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ክሮም የታደሰው በጳጉሜን 6፣ በእንቍጣጣሽ ዋዜማ ነው፤ ፋየርፎክስም ወዲያው ተከተለ።

ያ ዋዜማ እኛን ያገኘን የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ ነው። ማደሻው ለዓለም ሲታደል በሰባታሚት መንገድ ሥዕል ከስልክ ወደ ስልክ የሚሄደው በሜሞሪ ካርድና በብሉቱዝ ነበር፤ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የአበባዮሽ ሥዕል፣ የቅዱሳን ሥዕል። ሥዕሉ ይደርሳል፤ ጥገናው አይደርስም። የፈተናውን ሥራ ባደንቅም፣ ከዚህ ወዲህ ሳስበው ግማሽ ሥራ ይመስለኛል።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ተማሪዎቹ በየቤታቸው ያሉትን ስልኮች እንዲያዩ አዘዝኋቸው። ክሮምን ማደስ በብዙዎቹ ተቻለ። የስልኩን ዋና ሥርዓት የሚያድሰውን ግን የሚልከው ሠሪው ነው፤ ሠሪዎችም ለአሮጌ ስልክ መላካቸውን ያቆማሉ። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የመጨረሻው የደኅንነት ማደሻ ቀን ተጽፎ ይገኛልና ቀኑን በደብተር ጽፈው አመጡልኝ። ደብተሮቹ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው፤ ከዚያች ጳጉሜን የሚቀድሙት ቀኖች ይበዛሉ።