ምሳዋን የማደርስላት

ከአሜሪካዊቷ ገጣሚ ከአን ሴክስተን ጋር የተጣላነው ሦስተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። መምህራችን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ካደለን አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ያለው፣ ማህፀኗን የምታወድስበት ግጥም ነበር። ወንዶቹ በክርን ተጎሻሸሙ። እኔ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ «ነውር!» ብዬ ጻፍኩና ሁለቴ አሰመርኩበት። ሰምና ወርቅ እየተማርን ላደግን ልጆች ባለቅኔ ማለት መሸፈን የሚያውቅ ሰው ነው።

ዘርፉን «የኑዛዜ ግጥም» ይሉታል። ኑዛዜ ደግሞ ለነፍስ አባት ጆሮ የሚንሾካሾኩት እንጂ፣ እሷ እንዳደረገችው፣ በሙዚቃ ባንድ ታጅበው መድረክ ላይ የሚያነቡት አልመሰለኝም። ሟች ትቶት የሚያልፈውም ኑዛዜ እንደሚባል ያኔ ትዝ አላለኝም። በ1974፣ በ45 ዓመቷ፣ በገዛ እጇ ነው የሞተችው።

ባለፈው ክረምት ያ ወረቀት ከድሮ ደብተሬ ውስጥ ዱብ አለ። ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩላት። የሁለት ልጆች እናት ሆና አእምሮዋ ሲታወክ፣ «እስቲ ጻፊ» ያላት ሐኪሟ ነው። በ1957 ቦስተን ውስጥ ጎልማሶች የሚማሩበት የግጥም ክፍል ገባች። አስተማሪዋ ገጣሚው ጆን ሆልምስ ነበር። ስለ አእምሮ ሆስፒታል፣ እኛ «አማኑኤል» ስንል ድምፃችንን ዝቅ ስለምናደርግበት ዓይነት ቦታ፣ የጻፈችውን እንዳታሳትም መከራት። መልሷን በግጥም ሰጠችው፤ መጽሐፏም በ1960 ወጣ። በ1967 በሌላ መጽሐፏ ፑሊትዘርን ተሸለመች።

የሆልምስ የመጀመሪያ ሚስት ራሷን አጥፍታ እንደነበር ያነበብኩት ገና አሁን ነው። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ከደንኩት።

እኛም ቤት ጓዳ ነበረ፤ አክስቴ የምትተኛበት። እንግዳ ሲመጣ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ። «እህትሽስ?» ሲሏት እናቴ «ጠበል ሄዳለች» ትላለች፤ አንዳንዴም እውነቷን ነበር። ምሳዋን የማደርስላትም እኔው ነበርኩ። ስለ ደሟ፣ ስለ ሞተባት ሕፃን ስትጀምር ሰሃኑን አስቀምጬ እወጣለሁ። «ነውር!» ብዬ የጻፍኩ ዓመት በሕይወት ነበረች።

ሴክስተንን አሁንም ሁሉንም አልወደድኩላትም። አንዳንዱ ግጥሟ ዛሬም ፊቴን ያስዞረኛል። ከሞተች በኋላ ሐኪሟ የሕክምናዋን ካሴቶች ለታሪኳ ጸሐፊ መስጠቱም አልዋጥ ብሎኛል፤ እሷ መርጣ የተናገረችው ሌላ፣ ሰው የገለጠባት ሌላ።

በቀደም ቡና እየጠጣን እናቴን ጠየቅኳት፦ «አክስቴ ግን፣ ሕፃኑን ምን ብላ ነበር የምታወራው? ስም አውጥታለት ነበር?»

ስኒዋን አስቀመጠች።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ምሳዋን የምታደርሺላት አንቺ አልነበርሽ?»