ብሬስ ከደብረ ማርቆስ ሲታሰብ

የልጁ ጥርስ ተደራርቦ ሲወጣ የማርቆስ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ብሬስ ስንት ብር ነው?» ብሎ ነው። ዋጋውን ክሊኒክ ይነግራችኋል። እኔ ግን ከዋጋው የሚቀድም ጥያቄ አለኝ፦ ልጁን ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ያመላልሰዋል?

ብሬስ እንደ ጥርስ መነቀል አንድ ቀን ሄደው ተገላግለው የሚመጡበት ሕክምና አይደለም። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር አልተመታም፤ በሥሩና በአጥንቱ መካከል ሁለቱን የሚያያይዝ ስስ ጅማት አለ። የብሬሱ ሽቦ ጥርሱን ቀስ አድርጎ ሲገፋው ከፊቱ ያለው አጥንት እየተበላ ቦታ ይለቅለታል፣ ከኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት እየበቀለ ክፍተቱን ይሞላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ጥርሱ በወር የሚሄደው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልፋጠን ቢሉ አይሆንም፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የጥርሱ ሥር ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ልጁን በየአራት፣ ቢበዛ በየስምንት ሳምንቱ እያየ ሽቦውን ያስተካክላል። አብዛኛው ሰው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል።

ይህን ወደ እኛ መንገድ አምጡት። የጥርስ ማስተካከል ስፔሻሊስቶች አገሪቱ ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፦ ሉማሜ፣ ደጀን፣ ከዚያ የአባይ በረሃን ወርዶ ጎሃ ጽዮን መውጣት። ልጅ ከትምህርት፣ ወላጅ ከሥራ ይቀራል፤ መሳፈሪያ አለ፣ ማደሪያ አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት እንዳሉ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሽቦው ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ ሥራውን አያቆምም። ሽቦውን ከምትይዙት ብረቶች ከጥርሱ የተላቀቀች አንዲቷ ወር ከሁለት ወር ሳትታይ ከቆየች ጥርሱ ሐኪሙ ወዳላሰበው አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል።

እና አትሞክሩት ማለቴ ነው? አይደለም። ከመታሰሩ በፊት ግን ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቁት፦ ቀጠሮውን ወደ ስምንት ሳምንት ማራቅ ይቻላል ወይ? ብረቷ ብትላቀቅ እዚሁ አቅራቢያ የሚለጥፍልኝ የጥርስ ሐኪም አለ ወይ? መምጣት ባልችል በስልክ ምን ታዙኛላችሁ? ቀጠሮ ማራራቅ የሚቻለው ኒኬልና ቲታኒየም ተቀላቅለው በሚሠሩት ሽቦዎች ምክንያት ነው። ቅይጡን ያገኙት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ሰዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ፤ ለጥርስ ብለው አልነበረም። ሽቦውን ቢያጣምሙት በአፍ ሙቀት ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ይታገላል፣ በዚያ ትግሉም ጥርሱን ለሳምንታት በለሆሳስ ይስባል።

ልጁንም ጠይቁት። ብሬስ ያሰረ ሰው ቆሎ አይቆረጥምም፣ እሸት በቆሎ አይግጥም፣ ሸንኮራ አይመጥም። ጎጃም ውስጥ ቡና ተፈልቶ ቆሎ በቀረበበት ቤት ይህን ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ከባድ ጾም ነው። መፋቂያም ሽቦው ሥር አይደርስም፤ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ብሩሽ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ብሬሱ ሲወልቅ ጥርሱ ተስተካክሎ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣ ይሆናል። ሲወልቅም አላለቀም። ጥርስ ወደ ለመደበት ቦታ መመለስ ይወዳል፤ ማታ ማታ የሚደረግ መያዣ ለዓመታት ያስፈልጋል። 

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከተደራረበው ጥርስ የተወሰነው ገና ከመውጣቱ በፊት የተበላሸው በእኛው እጅ ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ያበጠውን አይቶ «ግግ ነው» ብሎ የሚያስወጣ ቤተሰብ ዛሬም አለ። የሚወጣው በሽታ አይደለም፣ ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው፤ ከሥሩ የተቀመጠው የቋሚው ጥርስ ቡቃያም አብሮ ሊቆስል ይችላል። ደሙና ኢንፌክሽኑ ሕፃን ሊገድል እንደሚችል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስንቴ ነገሩን! የተረፈው ልጅ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ክራንቻው ጠሞ ይወጣል፣ ወይም ጭራሹን ይቀራል።

ሌላው «የወተት ጥርስ አይደል፣ ይነቀል» የሚለው ነው። የወተት መንጋጋ የሚወድቀው ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ እስከዚያ ለተተኪው ቦታ ይጠብቃል። በስድስት ዓመት ከሁሉም ኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ቋሚ ነው፤ ማንንም ሳይተካ ስለሚመጣ ብዙ ወላጅ የወተት ይመስለዋል። የወተቱ መንጋጋ ተበልቶ ልጁ በሰባት ዓመቱ ከተነቀለበት ይህ ቋሚ መንጋጋ ወደ ፊት ተንሸራቶ ቦታውን ይይዛል። ዘግይቶ የሚደርሰው የላይኛው ክራንቻ መግቢያ ያጣና በሌሎቹ ላይ ተደርቦ ይወጣል። የተበላውን የወተት ጥርስ ማርቆስ ላይ ማስሞላት፣ ካልሆነም ሐኪሙን ስለ ቦታ መጠበቂያ መጠየቅ፣ ከሁለት ዓመት የአባይ በረሃ ምልልስ ጋር አይወዳደርም።

ሁሉም ጠማማ ጥርስ ግን መታከም የለበትም። ማኘክ የሚከለክል፣ የታችኛው ጥርስ ላንቃ የሚያቆስልበት፣ ወይም ልጁ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍንበት ከሆነ መታየት አለበት። በስምንት ዓመት ልጅ የላይኛ የፊት ጥርሶች መካከል ለሚታየው ክፍተት ግን አትሩጡ፤ ክራንቻዎቹ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገጥማል። እኛ ሰፈር እንዲያውም ይህን ስነግራቸው የሚከፋቸው እናቶች አሉ፦ «ውይ፣ ፍንጭቷ ሊጠፋ ነው?»