ያድግበታል

ሳይክል ለመግዛት ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ «ስንት ቁጥር?» ብሎ ነው። በ2010 ዓ.ም. የገና ሰሞን እኔም ይህንኑ ተጠየቅሁ። ቁጥሩ የጎማ መጠን መሆኑን ከመገመት በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም። ሻጩ 26ንና 29ን ጎን ለጎን አቆመልኝ። 29ኙ ግርማ ሞገስ አለው፤ ረዥም፣ ጥቁር፣ አንጸባራቂ። «አሁን ዓለም የሚነዳው ይኼን ነው» አለኝ። ጨመር አድርጌ ከፍዬ ትልቁን ይዤ ወጣሁ። ለልጆቻችሁ የደንብ ልብስና ጫማ ስትገዙ የምትሏት አንዲት ቃል አለች አይደል? እኔም በልቤ እሷኑ አልኩ፤ «ያድግበታል»።

ሳይክሉ ለታናሽ ወንድሜ ነበር። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። አካባቢውን ለማታውቁት፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ ስትጓዙ ጣርማበር ላይ ወደ ግራ ታጥፋችሁ የምትደርሱበት፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ይነጣል። ወንድሜ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር፤ ትምህርት ቤት ለመድረስ ጋቢውን ተከናንቦ አንድ ሰዓት ያህል በእግሩ ይሄዳል። «ከክፍልህ አንደኛ ከወጣህ ሳይክል እገዛልሃለሁ» ብዬው ነበር፤ ወጣ። ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ስለነበር የሁለት ወር ቁጠባዬን አፍስሼ ገዛሁለት።

ሳይክሉ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ መሐል ሜዳ ሲወርድ ልጆች ከበቡት። አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ በወጣትነቱ ባለ 28 ከባድ ሳይክል እየነዳ ነው ያስተማረው። አዲሱን ዞር ዞር ብሎ አየና «ይህ ፈረስ ለሱ ገና አይደለም?» አለኝ። «ያድግበታል» አልኩት። ወንድሜ በራችን ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቆሞ ወጣበት። ከድንጋዩ ካልተነሣ መውጣት አይችልም ነበር። እኔ ደግሞ ሳቅሁና ፎቶ አነሳሁት። ያ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ዛሬ ሳየው ዓይኔ የሚያርፈው መሬት ለመንካት በተንጠራሩት የእግሩ ጣቶች ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ሳይክሉስ?» እለዋለሁ። «ደህና ነው» ይለኛል።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ሳይክሉ በረንዳው ላይ የለም። ጓዳ ገብቼ ከገብሱ ጆንያ ኋላ፣ አሮጌ ባና ለብሶ አገኘሁት። የኋላ ጎማው ተቀዷል። ወንድሜን ጠርቼ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቆይቶ አወራኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ ወድቋል፤ ድንጋያማው መንገድ ላይ ድንገት ሲቆም እግሩ መሬት አይደርስለትም። ጉልበቱ ላይ የጣት ርዝመት ያህል ጠባሳ አሳየኝ። ቀጥሎ የጎማውን ጎን ስለት ድንጋይ ሰነጠቀው። ከተማ ያሉት ሳይክል ሠሪ የቻሉትን ሁሉ አድርገውለታል። የተቀደደውን በወፍራም ክር ሰፍተው፣ ከውስጥ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ደግፈው፣ የ26ን ከመነዳሪ ወጥረው አስገቡለት። ጥቂት ቀን ሄደና ፈነዳ። ሌላ የ29 ጎማ በከተማው ስላልነበረ ሁለት ወር ሙሉ እንደ ድሮው በእግሩ ተመላልሷል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብዙ ብር አውጥተሽበታል። ትከፊያለሽ ብዬ ነው እትዬ።»

በወደቀበት ሁሉ የቻለው ልጅ የኔን መከፋት አልቻለም ነበር።

ቦታውን ረሳሁት

በማግስቱ ሳይክል ሠሪው ዘንድ ሄድን። ዕድሜያቸው ከአባዬ የሚጠጋ፣ እጃቸው በግራሶ የጠቆረ ሰው ናቸው። ጣሪያቸው ላይ የተንጠለጠለው ጎማ ሁሉ 26 ነው፤ ጥግ ላይ ብቻ እንደ አባዬ ሳይክል ያለ አንድ የ28 ጎማ አለ። «28 ካለ ለ29 አይጠጋም?» አልኳቸው። ሳይከራከሩኝ አውርደው የኛ ቸርኬ ላይ አጠለቁት። ሰፋ፤ እንደ ሰፊ ቀለበት ተንሸራቶ ወረደ። 28 ከ29 በለጠ! ግራ ሲገባኝ አይተው ፈገግ አሉና «ልጄ፣ ሳይክሉ ጥሩ ነው፤ አገራችን ግን ገና አልተዋወቀውም» አሉኝ።

የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ እንጀራዬም ማርኬቲንግ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ የሚሉት አራቱ ምሰሶዎች ናቸው። ምርቱን መረጥኩ፣ ዋጋውን ከፈልኩ፣ በማስተዋወቂያው ተማረክሁ። ቦታውን ግን ረሳሁት። ከሁሉ የባሰው፣ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ እያወቅሁ ቁመቱን እንኳ አልጠየቅሁም። ደንበኞቼን የምመክረውን ለገዛ ወንድሜ ነፈግሁት።

ቁጥሩ ምን ይላል?

አዲስ አበባ ተመልሼ ነገሩን አነበብኩ። እናንተም ብታውቁት ገንዘባችሁን ያድናል። በጎማው ጎን ላይ ከኢንቹ ሌላ በሚሊ ሜትር የተጻፈ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር አለ። ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ትክክለኛ ልክ እሱ ነው። በተራራ ሳይክል 26 የሚባለው 559፣ 27.5 የሚባለው 584፣ 29 የሚባለው 622 ነው። የአባዬ ዓይነቱ የድሮ 28 ደግሞ 635 ነው። የኢንቹ ቁጥር የጎማውን ውፍረት ጨምሮ በግምት የተሰጠ የውጭ ልክ ስለሆነ እንዲህ ያደናግራል። 28 እየተባለ ልኩ 622 የሆነ ሌላ ጎማም አለ። ስለዚህ መለዋወጫ ስትገዙ የሚሊ ሜትሩን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። 27.5ም ቢሆን «የመሐሉ» ይባል እንጂ ከ26 የሚበልጠው በ25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከ29 ግን በ38 ያንሳል።

26 የተለመደው በስሌት ተመርጦ አይደለም። ሽዊን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወፍራም ጎማ ያላቸው ባለ 26 ሳይክሎችን ለገበያ አቀረበ። በ1970ዎቹ የካሊፎርኒያ ወጣቶች እነዚህን አሮጌ ሳይክሎች እየጠገኑ ታማልፓይስ ከሚባለው ተራራ ቁልቁል መንዳት ጀመሩ። የተራራ ሳይክል የተወለደው ያን ጊዜ ነው፤ መጠኑም በዚያው ጸንቶ ቀረ። 29 በእነ ጌሪ ፊሸር ግፊት ገበያውን የደፈረው ከ2000 ወዲህ ነው።

ክርክሩ ኦሊምፒክም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ የቼኩ ያሮስላቭ ኩልሃቪ በ29፣ የስዊዘርላንዱ ኒኖ ሹርተር በ27.5 ተፎካክረው ወርቁ ለ29ኙ ሆነ፤ ልዩነቱ አንድ ሰከንድ ነበር። ሹርተር ከአራት ዓመት በኋላ ሪዮ ላይ ወርቁን ሲያጠልቅ እሱም 29 ላይ ነበር። የኔ ሻጭ «ዓለም የሚነዳው ይኼን ነው» ማለቱ እንግዲህ ውሸት አልነበረም። ውድድሩ ላይ ግን መካኒክ አብሮ ይጓዛል፤ መለዋወጫም አይታጣም። መሐል ሜዳ ያሉት አንድ ሳይክል ሠሪ ናቸው።

ትልቁና ትንሹ በየፊናቸው

ትልቅ ጎማ ድንጋይ ሲገጥመው በቀላሉ ይሻገራል። ክቡ ሰፊ ስለሆነ ድንጋዩን የሚነካው ለዘብ ባለ ማዕዘን ነው፤ ትንሹ ጎማ ያንኑ ድንጋይ እንደ ግድግዳ ይጋፈጠዋል። አንዴ ፍጥነት ከያዘም ቶሎ አይደክምም። አንድ ዙር ሲዞር 26 ከ2 ሜትር ትንሽ ፈቅ የሚል ሲሆን 29 ወደ 2 ሜትር ከ30 ይጠጋል። ነገር ግን ይህ ጥቅም በነፃ አይገኝም። ማርሹ አንድ ዓይነት ከሆነ እያንዳንዱ የፔዳል ዙር አሥር በመቶ ያህል ይከብዳል። እንደ መንዝ ባለ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሲሦ ያህል በሚያንስበት ከፍታ ይህቺ አሥር በመቶ ዳገት ላይ ትታወቃለች። ትልቁ ጎማ ይከብዳል፤ ለመነሣት ይዘገያል። ራጂዎቹም ረዥም ስለሆኑ በጎን ምት ትንሹን ያህል አይጸኑም። ትንሹ ቀልጣፋ ነው፤ በጠባብ መንገድ ይታጠፋል፣ ለአጭር ሰው ይመቻል፣ ጎማውም በየከተማው ይገኛል።

ወንድሜን ያሰቃየው ግን ጎማው ብቻ አልነበረም። ሳይክል ሁለት ልክ አለው፤ አንዱ የጎማው፣ ሌላው የአካሉ ማለትም የብረቱ። እኔ የጎማውን እያየሁ የአካሉን ሳላይ ለትልቅ ሰው የተሠራ ሳይክል ነበር የገዛሁለት።

ስለዚህ ልጃችሁን ሱቅ ይዛችሁ ሂዱ። ድንገተኛ ስጦታ ደስ ይላል፤ ሳይክል ግን ሳይለካ አይገዛም። ልጁ አግድሙ ብረት ላይ እግሩን አንፈራጦ ሲቆም ሁለቱም ተረከዞቹ መሬት ይንኩ፤ በብረቱና በሰውነቱ መካከልም ክፍተት ይኑር። ለስድስትና ሰባት ዓመት ልጅ በአብዛኛው 20፣ ለአሥር ዓመት ገደማ 24 ይበቃል። ከዚያ በላይ 26 አነስተኛ አካል ካለው ጋር ጥሩ መጀመሪያ ነው። ዕድሜው የሚረዳችሁ ለግምት ያህል ነው፤ ዳኛው ቁመት ነው። በመጨረሻም ሳይክሉ የሚነዳበት ሰፈር ያለውን ጠጋኝ «የዚህ ጎማ አለዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህቺን አንዲት ስልክ ሳልደውል ቀርቼ ነው ሁለት ወር ያከሰርኩት።

የጓሳው መንገድ

በዚያው ክረምት ወንድሜን ይዤ ሄጄ፣ ራሱ ቆሞበት ተለክቶ፣ ያገለገለ ባለ 26 ገዛንለት። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይደርስ ጀመር። 29ኙን አዲስ አበባ ወስጄ መርካቶ ጎማ አስቀየርኩለት፤ ቁመቴ ስለሚፈቅድ ለኔ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር በእነዚያ ከመኪና ነፃ በሆኑ እሑዶች ነዳሁት። አስፋልት ላይ እውነትም ይንሳፈፋል።

በ2012 ዓ.ም. ገና ሳይክሉን እንደገና ጣሪያ ላይ ጭኜ መሐል ሜዳ ሄድኩ። ወንድሜ አውቶቡስ ተራ ሊቀበለኝ ቆሟል፤ ቀና ብዬ ሳምኩት። በማግስቱ ወደ ጣርማበር በሚወስደው መንገድ ወደ ጓሳ ወጣን። የመንዝ ሕዝብ ለብዙ ዘመን ቄሮ በሚባል የጋራ ሥርዓት ሣሩን በወግ እያጨደና እያረፈ የጠበቀው አገር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም የሚኖሩበት። ጅብራው በጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆሟል። ቁልቁለቱ ላይ የኔ 29 ጠጠሩን እየጨፈለቀ ቀደመ። ዳገቱ ላይ ግን ትንፋሼ ተቆረጠ፤ እሱ 26ቱ ላይ ቆሞ እየረገጠ አልፎኝ ሄደና ጫፍ ላይ ሆኖ እየሳቀ ጠበቀኝ። ጭላዳዎቹ ሣራቸውን እየነጩ ቀና ብለው አዩን።

«እስቲ ልሞክረው» አለኝ። ሳይክል ተቀያየርን። ድንጋይ አልፈለገም። እግሩን አሻግሮ ተቀመጠ፤ ሁለቱንም ጫማዎቹን መሬት ላይ አሳረፈ። ቁልቁል አይቶ ዞር አለና «እትዬ፣ አድጌበታለሁ» አለኝ።

29ኙን እዚያው ተውኩለት። 26ቱ ወደ ጎረቤታችን ልጅ ተላለፈ፤ እሱም ከማግኘቱ በፊት ቆሞበት ተለክቷል። በዚህኛው ጊዜ ግን ባዶ እጄን አልመጣሁም ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ልካቸው 622 የሆነ ሁለት ትርፍ ጎማዎች ነበሩ። አንዱን ለወንድሜ፣ አንዱን ሳይክል ሠሪው ጣሪያቸው ላይ እንዲሰቅሉት ሰጠኋቸው።