አገልጋዩ

‹‹በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል›› ይላሉ አበው። ይህ የተባለው ብራና ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ በሚጻፍበት ዘመን ነው። ብራና ሣጥን ውስጥ ተረስቶ መቶ ዓመት ቢቆይ፣ ያገኘው ሰው ገልጦ ያነበዋል። የተረሳ ዲስክ ግን ሃያ ዓመት ሳይሞላው ዝም ሊል ይችላል። ከግጥም ተነሥቼ ጓዳዬ ውስጥ ሰርቨር እስከ መትከል የደረስሁት ይህን ዝምታ ካየሁ በኋላ ነው።

አንድ ወዳጅ ነበረኝ። በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን ግጥሞቻችንን እናነብ ነበር። እኔ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ እርሱ ግን በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር በአማርኛ ጽፎ በፍሎፒ ዲስክ ይዞልኝ ይመጣል። ወዳጄ ዛሬ በሕይወት የለም። ካረፈ ከዓመታት በኋላ ልጁ ቤቴ መጥታ፣ ‹‹ጋሼ፣ የአባቴ ግጥሞች እርስዎ ዘንድ እንዳሉ እናቴ ነግራኛለች፤ ላነባቸው እፈልጋለሁ›› አለችኝ። ፋይሎቹ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲሸጋገሩ ኖረው እኔ ዘንድ ነበሩ። ከፈትኋቸው። በገጹ ላይ አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረም፤ የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክትና የጥያቄ ምልክት ተደበላልቆ ፈስሶበታል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር በአብዛኛው ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ይመድብ ነበር፤ አንድ ባይት ደግሞ የሚለየው 256 ምልክት ብቻ ነው። የእኛ 33 ፊደላት በ7ቱ ድምፅ ሲረቡ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላው፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች የላቲኑን ወንበር ተውሰው ፊደላችንን አስቀመጡበት፤ አንዱ ‹‹ሀ››ን እዚህ፣ ሌላው እዚያ። ፎንቱ ሲጠፋ በወንበሩ ላይ የሚታየው የቀድሞው ባለቤት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ወንበር ያገኘው በ1999፣ ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ ሲያካትተው ነው። የወዳጄ ግጥሞች ከዚያ በፊት የተጻፉ ናቸው።

ደግነቱ፣ ከግጥሞቹ ሁለቱን በወረቀት አትሞ ሰጥቶኝ ነበር። ወረቀቱንና ፋይሉን ጎን ለጎን አድርጌ፣ ይህ ምልክት ይህ ፊደል ነው እያልሁ ሠንጠረዥ አወጣሁ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሠንጠረዡን ለማስነበብ የሚበቃኝን ያህል ተማርሁ። በሕይወቴ የጻፍሁት የመጀመሪያው ፕሮግራም የሟች ወዳጄን ግጥም ወደ አማርኛ የመለሰው ነው። የመጀመሪያው ስንኝ በስክሪኑ ላይ ሲወጣ ድምፁን የሰማሁ መሰለኝ።

የዳነውን የት ላኑረው? በነጻ ቦታ የሚሰጡ ድረ ገጾች እንደ እንግዳ ማረፊያ ናቸው፤ ባለቤቱ በሩን በዘጋ ዕለት እንግዳው ጎዳና ላይ ነው። ጂኦሲቲስ በ2009 በአሜሪካ አገልግሎቱን ሲያቋርጥ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ገጾች ከቦታቸው ተነሥተዋል፤ የተረፉትም በጎ ፈቃደኞች ተረባርበው የገለበጧቸው ናቸው። ስለዚህ የራሴን ጎጆ ልቀልስ አልሁ።

ሰርቨር በቃሉ ቢተረጎም አገልጋይ ማለት ነው። የእኔው አገልጋይ ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ ጫንሁበት። መብራት ሲጠፋ የገዛ ባትሪው ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። በአንዱ የተጻፈው ወዲያው በሌላውም እንዲጻፍ አድርጌ ሁለት ዲስክ ገጠምሁለት። ሆኖም መንታ ዲስክ ብቻውን አያድንም፤ ከአንዱ የተሰረዘ ከሌላውም ይሰረዛል፤ ቤት ቢቃጠል ሁለቱም አብረው ይነዳሉ። ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ አስቀምጥ፣ አንዱን ከቤትህ አርቅ የሚለው ደንብ ዛሬ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ሁሉ ደንብ ሆኗል፤ በማስፋፋቱ የሚታወቀው ግን ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። የሚሳሳለት ሥራ ያለው ሰው መሆኑ አልደነቀኝም።

ነገሩ ለእኛ አገርም አዲስ አይደለም። በ1973 የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ሲጀመር፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። እኔም የአቅሜን አደረግሁ። በየሌሊቱ አርሲንክ የተባለው ፕሮግራም አዲሱንና የተለወጠውን ብቻ ለይቶ፣ ሐዋሳ እህቴ ቤት ወዳለው ትንሽ ኮምፒውተር ይልካል። የእያንዳንዱ ግጥም አሻራ በ64 ፊደልና ቁጥር ተመዝግቧል፤ አንዲት ነጥብ ብትዛነፍ አሻራው ይለወጣልና የተበላሸው ቅጂ ይታወቃል። የቀድሞ ጸሐፍት ከገለበጡ በኋላ ከእናቱ ጋር እያስተያዩ የሚያርሙት ይህን ነበር።

ወዳጆቼ፣ ‹‹ግጥሙን ተውኸው እንዴ?›› ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር የምጽፈው ቀንሷል። ስንኝ ይዞኝ ይነጋ የነበረው ሌሊት አሁን የማሽኑን መዝገብ ሳነብ ያልፋል። ማኖር መፍጠርን ይተካል አልልም፤ ይናፍቀኛል። ነገር ግን ማሽን ላይ የተጻፈ ቃል ጠባቂ ከሌለው በመጽሐፍ ያለ ሳይሆን በቃል ያለ ነው። ከጻፍን ዘንድ ከመካከላችን አንዱ ዕቃ ቤት መግባት አለበት።

ለወዳጄ ልጅ ያስረከብኋት 34 ግጥሞች ናቸው። ፋይሎቹ ሲሸጋገሩ አንዳንድ ምልክቶች ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጠው ጠፍተዋል፤ አብዛኞቹን ከዐውዱ አገኘኋቸው። በመጨረሻው ግጥም ግን አንዲት ፊደል ቀረች። ገጣሚው ወደ ‹‹—ት እሄዳለሁ›› ይላል። ‹‹ቤ››ም ‹‹ሞ››ም ከጠፉት ምልክቶች መካከል ነበሩ፤ ቤቱም ምቱም ሁለቱንም ይቀበላል። መገመት የእኔ ድርሻ አልመሰለኝምና ቦታውን ባዶ ተውሁት። ልጂቱ ምክንያቱን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ አንዳንድ ቀን ‹‹ቤት››፣ አንዳንድ ቀን ‹‹ሞት›› እያለች ታነበዋለች።