ቀብሩ ላይ ላልነበረች ልጅ

ጎንደር፣ ኅዳር 7 ቀን

ልጄ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአባትሽንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። ይህን በስልክ ብዬሻለሁ፤ ግን በስልክ ስንነጋገር አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም ቃል ያጥረኛል፣ መስመሩም ይቆረጣል። ስለዚህ ወረቀት አነሣሁ።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅሽ። መርዶ እንደዚያ አይነገርም። በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተጠራርተው ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲጮኽ አብሮት የሚጮኽ ሰው አያጣም። አንቺ ግን ከሥራ ስትወጪ፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ብቻሽን ቆመሽ፣ ከአንድ የዘመድ ልጅ በስልክ ሰማሽ። አሜሪካ ያሉትን ያገር ልጆች ቀድመን ፈልገን፣ ቤትሽ ድረስ መጥተው እንዲነግሩሽ ማድረግ የእኛ ፋንታ ነበር፤ አላደረግነውም። በማግስቱም ሥራ ገባሽ አሉኝ። አልፈረድኩብሽም። ሰው ለቅሶ የሚቀመጠው የሚያስተዛዝነው ሰው ሲኖር ነው።

ባለፈው ሳምንት ስንነጋገር ግን አንድ ነገር ሦስት ጊዜ አልሽ፤ «አባቴን ያልቀበርኩ ልጅ ነኝ» አልሽ። ሌላው ሁሉ አልፎ ይህ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስለዚህ አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን ክረምት ላይ የሆነውን ልንገርሽ፤ አባትሽ ላንቺ አልነገረሽም ይሆናል።

የጥገኝነት ጥያቄሽ አልተቀበሉትም ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ የላክሽለት ሐምሌ ላይ ነበር። ዝናቡ ሳያባራ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ ስልኩን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። «አንብብልኝ» አለኝ። እኔም መዝገበ ቃላት ከፍቼ አንድ በአንድ ተረጎምኩለት። ሦስት ጊዜ መታሰርሽን አምነናል ይላል። ከሥራ መባረርሽን፣ ቤትሽ በሌሊት መፈተሹንም አልካደም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ተደምሮ «ፐርሰኪዩሽን» ከሚባለው ደረጃ አይደርስም ይላል። አባትሽ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስደት ማለት ነው አልኩት፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ቦታ የሚያኖረው ይህን ቃል ነውና። ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ስደት አይደለም ካሉ፣ ታዲያ ልጄ የት ናት?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። 34 ዓመት አማርኛ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ቃል ሳላስብ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ግሱ «ሰደደ» ነው። በግእዙ ማባረር፣ ማስወጣት ነው። በአማርኛ ብዙ ቦታ ገብቷል፤ መልእክት እንሰዳለን፣ ዛፍ ሥር ይሰዳል፣ ክፉ ጎረቤት ውሻ ይሰድድብናል። ከተለቀቀ በኋላ የት እንደሚቆም የማይታወቀውን እሳት ሰደድ እሳት እንለዋለን። ከዚሁ ግስ «አሳደደ» ይወጣል፤ እግር በእግር ተከትሎ ማባረር። «ተሰደደ»ም ከዚሁ ይወጣል። ታዲያ የእኛ ቋንቋ አንድ ነገር አድርጓል፦ መባረርንና አገር ለቆ መሄድን፣ በደሉንና መንገዱን፣ በአንድ ቃል አስሯቸዋል። እንግሊዝኛው ቃሉን የወሰደው ከላቲን ነው፤ ትርጉሙም እስከ መጨረሻው መከታተል ነው። ሐዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛም ቃሉ ያው የአሳዳጅ ሩጫ ነው። እነዚያ ቃላት ዓይናቸው አሳዳጁ ላይ ነው። የእኛ «ስደት» ግን ተሳዳጁን ተከትሎ ከቤቱ ይወጣል፤ ድንበር ይሻገራል፤ አብሮት ባዕድ አገር ያድራል።

ጥያቄሽን ሲመረምሩ ሆነ ብለሽ የነገርሽኝም አሁን ይገባኛል። አንቺ «ተሰደድኩ» ስትይ፣ አስተርጓሚው «ከአገሬ ወጣሁ» ብሎ አሳለፈው። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ በአንድ ትንፋሽ ሁለቱን የሚይዝ ቃል በእንግሊዝኛ አያገኝም። ነገር ግን ከቃልሽ ግማሹ እዚያ ክፍል ውስጥ ወድቆ ቀረ። ዳኛው ፊት ስትቀርቢ፣ ልጄ፣ ቃሉን ለሁለት ክፈይው። መጀመሪያ ማን እንዳሳደደሽ፣ ምን እንዳደረገሽ፣ ስለምን እንደሆነ ተናገሪ። ከዚያ በኋላ ብቻ ወጣሁ በይ።

ሕጉም ቢሆን ያን ያህል የጠራ ቃል የለውም። የስደተኞች ስምምነት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1951 ጄኔቫ ላይ ሲፈረም፣ አውሮፓ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና አልወጣችም ነበር። ስምምነቱ አምስት ምክንያቶችን ይዘረዝራል፤ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነትና የፖለቲካ አመለካከት። በእነዚህ የተነሣ እሳደዳለሁ ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት ያደረበት ሰው ስደተኛ ነው ይላል። መሳደድ ራሱ ምን እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አልፈታም። ስንት ቀን እስር፣ ስንት ዱላ፣ ስንት ሌሊት ያለ እንቅልፍ ስደት እንደሚባል የሚናገር አንቀጽ የለም። ያንን የሚወስነው ወረቀትሽን ያገላበጠው ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ ይወስን ነበር። በዚያ ላይ ያሳደዱሽ ስለምን እንደሆነ አስረጂ ይሉሻል። የሌላውን ሰው ልብ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ እንዴት ከባድ እንደሆነ አስቢው። እ.ኤ.አ. በ1969 የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ የራሳቸውን ስምምነት ሲያወጡ፣ በወረራ ወይም ጸጥታን ክፉኛ በሚያናጋ ሁኔታ የሸሸውንም ስደተኛ ብለው በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱት። እዚያ ያለሽበት አገር ግን በጠባቡ በር ነው የሚያስገባው። በጠባብ በር ያልገባ ሰው ውሸታም አይደለም። ወረቀቱ ያለው፣ የደረሰብሽ ከእኛ ልክ አነሰ ነው፤ አልደረሰብሽም አላለም። ይህን ልዩነት አጥብቀሽ ያዢው።

ማን ተሳደደ የሚለው ጥያቄ ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ሸሽተው አክሱም የደረሱትን የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች አስታውሺ። ከኋላቸው መልእክተኞች ስጦታ ተሸክመው መጡ፤ እነዚህ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ጥለው የኮበለሉ ቂላ ቂል ወጣቶች ናቸውና ስጡን አሉ። ተሳደዱ ወይስ ኮበለሉ ነበር ክርክሩ፤ ያንቺው ክርክር። ንጉሡ ስጦታውን አይቶ አልፈረደም፤ ስደተኞቹን አስጠርቶ ቃል አቀባያቸው ጃዕፈር ሲናገር እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ከዚያም አሳልፌ አልሰጥም አለ። ነገሩን የተረከችልን ኡሙ ሰላማ ራሷ ከስደተኞቹ መካከል ነበረች። ያንቺ ዳኛ እንደዚያ ይስማሽ ዘንድ እጸልያለሁ። ከዚህ ሌላ ቃል መግባት አልችልም፤ ልዋሽሽም አልፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበልሽ፤ ይህን ቃል በዘፈቀደ የሚያነሡትን አልወድም። አለቃው የገሠጸው፣ በስብሰባ የተቃወሙት፣ ሥልጣን የተነፈገው ሁሉ ዛሬ «ተሳደድኩ» ይላል። በዚህ የሚጎዱት በእውነት የተሳደዱት ናቸው፤ ቃሉ ሲረክስ ሰሚው ይደክማል፣ አንቺ ስትናገሪም በግማሽ ጆሮ ይሰማሻል። በሌላ በኩል ደግሞ ጌታ በተራራው ስብከቱ ብፁዓን ካላቸው መካከል ስለ ጽድቅ የተሰደዱት አሉበት ብለው ቶሎ ደስ ይበልሽ የሚሉሽ ይኖራሉ። ቃሉ እውነት ነው። ግን አባቱ በሞተበት ሳምንት ለሰው የሚነገር አይደለም። መጀመሪያ አልቅሺ።

አሁን ወደዚያ ነገርሽ ልመለስ። አባቴን አልቀበርኩም አልሽ።

ቃሉን ያን ያህል ያገላበጥኩት ለዚህ ነው። የእኛ ስደት መንገዱንም ይይዛል ብዬሻለሁ፤ የመንገዱ ዋጋ ደግሞ ይኸው ነው። ጥያቄሽ ሳያልቅ ወደዚህ ብትመጪ ኬዝሽ እንደሚወድቅ አንቺም ታውቂያለሽ፣ አባትሽም ያውቅ ነበር። ብትመጪ ደግሞ ያሰሩሽ ሰዎች ዛሬም እዚሁ ናቸው። ከአባትሽ ሣጥን ኋላ ያልሄድሽው ፍቅር አንሶሽ አይደለም። በሌሊት ቤትሽን የፈተሹት ሰዎች የወሰዱብሽ ሌላው ነገር ይህ ነው። በወረቀቱ ላይ አልተቆጠረም፤ እኔ ግን እቆጥረዋለሁ። ቀሪ አይደለሽም፤ የተከለከልሽ ነሽ።

ከአገር ርቀው ያለቀሱ ሌሎችም አሉ። ልጅ ሳለሽ በወለቃ በኩል ስናልፍ የሸክላ ሥራ ይሸጡ የነበሩ ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን በዘመኑ እንዴት እንደሄዱ አጫውቼሽ ነበር። በ1970ዎቹ በሌሊት ቤታቸውን ዘግተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚገመቱ ሞቱ። ብዙዎቹ የተቀበሩበት አይታወቅም። ዛሬ ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው፤ በየዓመቱ ዘመዶቻቸው እዚያ ቆመው ያለቅሳሉ። መቃብሩ ፊታቸው የለም፤ ለቅሷቸው ግን ሙሉ ነው፤ ማንም ልቅሶ አልደረሳችሁም አይላቸውም።

ስለ ቀብሩ ልንገርሽ። አባትሽ ያረፈው ጥቅምት 12 ነው፤ በጽጌ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያ እንደሆኑ ታውቂያለሽ። የፈቃድ ጾም ነው፤ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ግን አንድም ዓመት ሳያጓድል ጾሞታል። ሰውነቱ ሲደክም ተው ብለነው ነበር፤ አልሰማንም። ማኅሌቱንም ቆሞ ያድር ነበር። ባለፈው ዓመት ጧት ላይ አብረን ስንመለስ፣ «ዮሴፍና ሰሎሜ አብረዋት ነበሩ፤ ልጄ ግን ብቻዋን ናት» አለኝ።

ሰው ብዙ ነበር። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ቆሟል፤ ልብስ ያልሰፋለት የሰፈር ሰው አልነበረምና። የልብስ ስፌት መኪናውን በነጭ ነጠላ ሸፍነው ከፎቶው አጠገብ አቆሙት። አልቃሿ አባትሽን በሙያው፣ በደግነቱ እያነሣች ቆይታ ያንቺን ስም ጠራች፤ ያኔ ወንዶቹም ዓይናቸውን በጋቢ ሸፈኑ። የልጅ ቦታሽን ማንም አልያዘውም። እኅትሽ ከጎኗ ባዶ ቦታ ትታ ነው የተቀመጠችው።

ትናንት የቁስቋም በዓል ነበር። ደብረ ፀሐይ ወጥቼ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግቢ ውስጥ፣ ሰዉ እልል ሲል ስደቱ አለቀ ብለው ነው ብዬ አሰብኩ። ሄሮድስ ሞተ፣ ተመለሱ ተባሉ። ያንቺ ተመለሺ የሚባልበትን ቀን አላውቀውም። እዚያ ቆሜ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ባልጽፍልሽ ይሻል ነበር።

አባትሽ ሱቅ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ስለ አንቺ ይጠይቀው ነበር። «ልጅህ አሜሪካ ሄደች አሉ፤ እንኳን ደስ ያለህ» ይሉታል። መርፌውን ያቆማል፤ ቀና ብሎ ያያቸዋል። «አልሄደችም፤ ተሰደደች» ይላቸዋል። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። አንዳንዱ ደንበኛ አይገባውም ነበር፤ ለአባትሽ ግን ልዩነቱ ሁሉ ነገር ነበር። ወረቀቱ የነፈገሽን ቃል አባትሽ አልነፈገሽም። ትታኝ ሄደች ሳይል ነው የሞተው።

አርባው ኅዳር 21 ይውላል፤ ተዝካሩን እኅትሽና እድሩ ያዘጋጁታል። አንቺ ካለሽበት ከተማ የሚኖሩ አራት ያገር ልጆች ስልክ አግኝቻለሁ፤ ሁለቱ የአባትሽን እጅ ሥራ ለብሰው ያደጉ ናቸው። ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ይመጣሉ፤ እንደ መርዶ ቁጠሪው፣ የዘገየ መርዶ። አንባሻና ንፍሮ ይዘው ነው የሚመጡት፤ አንቺ ምንም አታዘጋጂ። ለአለቃሽ ንገሪው፤ ቅዳሜ ሥራ አትግቢ፤ ሲያንኳኩ በሩን ክፈቺላቸው።

የአባትሽ ወንድም፣ ያንቺም አባት