ዓለሙ ያንተ፣ እግሩ የኔ

መቼም ዕቃቃ ሳይጫወት ያደገ ሰው ያለ አይመስለንም። «አንቺ እናት ሁኚ፣ አንተ ሐኪም ሁን፣ እኔ ባለሱቅ ልሁን» ተባብለን፣ በቆርኪ ወጥ ሠርተን፣ በቅጠል ብር ገበያ ወጥተን ያደግን ነን። የዕቃቃ ጠብ ደግሞ የትም ሰፈር አንድ ነው፤ አንዱ «ሞተሃል» ይላል፣ ሌላው «አልሞትኩም» ይላል። ዳኛ የለም፣ ደንብ የለም። ጉልበት ያለው ያሸንፋል፣ ካልሆነም የዕቃው ባለቤት ዕቃውን ሰብስቦ ቤቱ ይገባል።

ዛሬ የምናወራችሁ ለዚህ ጠብ ደንብና ዳኛ ስላበጀ የትልልቅ ሰዎች ዕቃቃ ነው። «ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተሙት። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከብና እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ጦረኛ፣ ሌባ፣ ጠንቋይ፣ ፈዋሽ። አንድ ሰው ግን መሪ ይሆናል። የመሪው ሥራ ዓለሙን መተረክ ነው፤ «ከፊታችሁ የተሰበረ ድልድይ አለ፣ ማዶ እሳት ይታያል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ «እዘላለሁ» ካለና ውጤቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወረወራል። ዋንጫ የለውም፤ የሚተርፈው ታሪኩ ነው።

እኛ ስድስት ነን። መሠረታዊው ደንብ በነጻ ስለሚገኝ ከኢንተርኔት አወረድነው፤ ዳይሱን ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣች የአንዳችን እህት በሻንጣዋ ይዛልን መጣች። ቅዳሜ ከሰዓት ቡናው ይፈላል፣ ፈንዲሻው ይቀርባል፣ የቤቱ እናት ብቅ ብለው «ዛሬስ ማን ሞተ?» ይሉናል። እናላችሁ፣ ይህን የመሰለ ስብሰባ ለትንሽ ሊበተን ነበር። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው፤ መሪ የሚመራው እስከ የት ድረስ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪያችን ሦስት ሳምንት ደክሞ ተራራ፣ ዋሻ፣ ዘንዶ አዘጋጀ። ተጫዋቾቹ ደግሞ መንገድ ላይ አንድ የጨው ነጋዴ አገኘንና ዘንዶውን ረስተን ንግድ ገባን። ወደ ምሥራቅ ስንል ጎርፍ መጣ። ወደ ምዕራብ ስንል ሽፍታ። ወደ ደቡብ ስንል ድልድዩ የለም። በመጨረሻ ጨው በበቅሎ እንደጫንን ዘንዶው ዋሻ ደጃፍ ላይ ተገኘን። የዚህ ጨዋታ ሰዎች እንዲህ ያለውን አመራር በባቡር ሐዲድ ይመስሉታል፤ መስኮት አለህ፣ መሪ የለህም።

በዚህስ ሳቅን። በተከታዩ ቅዳሜ ግን ዘንዶው ከዋሻው ሲወጣ መሪያችን ወደ ፈዋሿ ዞሮ «አንቺ ፈርተሽ፣ ጓደኞችሽን ጥለሽ ትሮጫለሽ» አላት። ዳይስ አልተወረወረም፣ ምን ታደርጊያለሽ ተብላም አልተጠየቀችም። ጓደኛችን ይህችን ፈዋሽ አራት ወር ሙሉ ነው ያሳደገቻት፤ በጦርነት ወንድሟን ጥላ የሸሸች፣ ሁለተኛ ማንንም ጥዬ አልሸሽም ብላ የማለች ሴት አድርጋ።

«አልሮጥኩም» አለች።

«ሮጠሻል፤ ለታሪኩ ያስፈልጋል።»

ሁለት ቅዳሜ ቀረች። ስንደውልላት «ለመሮጥማ እኔ አላስፈልጋትም፤ እኔ ሳልኖርም ታስሮጧታላችሁ» አለችን። ምን መልስ አለው?

መሪያችንም ተቀየመና «እሺ፣ እንዳላችሁ ይሁን» አለ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ተፈቀደ። አንዱ ንጉሡን በአንድ ቃል አሳመነ፣ ሌላው ያልነበረ ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ሁለቱ በአንድ የደንብ አንቀጽ አንድ ሰዓት ሲከራከሩ ዝምተኛው ጓደኛችን ፈንዲሻ ይቆጥር ነበር። ያኔ ሁለት ነገር አየን። እምቢ የማይል ዓለም ውስጥ ምርጫ ክብደት የለውም። መሪው ዝም ያለበት ጠረጴዛ ደግሞ ነጻ አይሆንም፤ ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ይመራዋል።

ክርክሩ ከእኛ በፊት ዘመናት አስቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕራሻ መኮንን ለጦር ሠራዊቱ የካርታ ላይ ጦርነት ጨዋታ አቀረበ። ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛ ይሰጣሉ፤ ዳኛው ሁሉን እያየ ለእያንዳንዱ ቃፊሮቹ ሊያዩ የሚችሉትን ብቻ ይነግረዋል። ደንቡና ሰንጠረዡ ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ1876 ቨርዲ ዱ ቬርኖይስ የተባለ ሌላ መኮንን ሰንጠረዡ ቀርቶ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ይፍረድ የሚል ሐሳብ አመጣ። ጋይጋክስም እ.ኤ.አ. በ1979 ለመሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ የመጨረሻውን ቃል ለመሪው ሰጠ። በሌላው ጫፍ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ፊያስኮ» መሪ የሚባል ነገር የለውም፤ ተራ እየገባ የሚያዳኝ ደንብ ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «አፖካሊፕስ ወርልድ» ደግሞ መሪውን ሳያስቀር ዳይሱን ከእጁ ወሰደበት፤ የሚወረውሩት ተጫዋቾቹ ብቻ ናቸው። መሪውም መጨረሻውን አስቀድሞ እንዳይጽፍ በደንቡ ተነግሮታል።

እኛም ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ጓደኛችንም መጣች። የተስማማነው ባጭሩ ይኸው ነው። ዓለሙ የመሪው ነው፤ ተራራው፣ ዝናቡ፣ የንጉሡ ቁጣ፣ የጠላት ተንኮል። የገጸ ባሕርይዋ ልብና እግር ደግሞ የተጫዋቿ ነው፤ ምን እንደተሰማትና ወዴት እንደሄደች ሌላ ሰው አይናገርላትም። የሁለቱ ግጭት የዳይሱ ነው። ዳይሱ ከመወርወሩ በፊት መሪው አደጋውን በግልጽ ይናገራል፤ ያላወቁትን አደጋ መረጡ አይባልማ። ደንብ ላይ ክርክር ከተነሣ መሪው ያኔውኑ ይወስናል፣ ይግባኙ ከጨዋታው በኋላ ቡና ላይ ይሰማል።

ዋሻው ደጃፍ ተመለስን። «ዘንዶው ወጥቷል፤ ሙቀቱ ፊትሽን ይለበልበዋል። ከቆምሽና ከ15 በታች ካመጣሽ ትሞቻለሽ። ምን ታደርጊያለሽ?» አላት። «እቆማለሁ» አለች። ዳይሱ ተንከባለለና 4 ላይ ቆመ። ፈዋሿ ሞተች። ጓደኛችን ዓይኗ እንባ አቅርሮ «በቃ፣ የኔ ሴት እንዲህ ናት» አለችና የሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ገጸ ባሕርይ ይዛ መጣች። ልብ በሉልን፤ በመሮጧ የተቀየመችው ልጅ በመሞቷ አልተቀየመችም።

ይህ ነገር እኛን ይበልጥ የነካን ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቅ ሲያወራ እየሰማን፣ መምህሩ ጠይቆ ራሱ ሲመልስ እየገለበጥን ነው ያደግነው። ጠረጴዛው ላይ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአፋችን የሚወጣው «ይቻላል?» የሚል ነበር። «ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ መጠየቅ ይለመዳል ወይ ብትሉን፣ አዎ፣ ይለመዳል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። ባህላችንም ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም። የገና ጨዋታ ሜዳ ላይ ሎሌ ጌታውን ቢመታው ጌታው አይቆጣም ይባላል። ጌትነቱ አልተሻረም፤ ሜዳው ውስጥ ግን የት እንደሚቆም ያውቃል።

መሪያችን አሁንም መሪያችን ነው። አሁንም ተራራ ይሠራል፣ አሁንም ጎርፍ ያመጣል። ሦስት ሳምንት የደከመበትን ትተንበት ጨው ልንነግድ ስንሄድ ግን ተንፈስ ይልና የጨው ገበያውን ዋጋ ያሰላልናል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጨዋታ ብቻ ነው። ስለ ሌላ ነገር አድርጎ የሚያነበው ካለ፣ መቼም የአንባቢ ልብ የአንባቢው ነው፤ እኛ ምን አግብቶን!